ሐተታ በእንተ ሕጸጽ፦ ጣራ ስለሌላቸው ውድ አውቶሞቢሎች

የሰው ልጅ ገንዘቡን አውጥቶ ዕቃ ሲገዛ በከፈለው መጠን ብዛት፣ ጥራት ወይም ምቾት እንዲጨመርለት መሻቱ ከጥንት ጀምሮ የታወቀ፣ በገበያ ሥርዓት የጸና፣ ሻጭና ገዢ ሳይነጋገሩ የሚስማሙበት ሕግ ሆኖ ሳለ፣ ከዚህ ሕግ አፈንግጦ የቆመ፣ ዕቃው በጐደለ ቍጥር ዋጋው የሚወጣ፣ ገዢውም ስለ ጕድለቱ ሻጩን የሚያመሰግንበት አንድ የንግድ ዘርፍ በእንግሊዝ አገር መኖሩ የሚገባውን ያህል የሊቃውንትን ትኩረት አላገኘም። ይኸውም በዓመት ጥቂት ብቻ እየተሠሩ የሚሸጡት፣ ክብደታቸው እጅግ ያነሰ፣ ፍጥነታቸው ግን እጅግ የበዛ የስፖርት አውቶሞቢሎች ጉዳይ ነው። ይህን ክፍተት ለመሙላት የሚከተለውን ሐተታ ለአንባብያን አቅርበናል፤ ዓመተ ምሕረቱም ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

የሥርዓቱ መሥራች ኮሊን ቻፕማን ይባላል። በ1928 ተወልዶ በለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ምህንድስና የተማረው ይህ ሰው፣ በ1948 አንዲት ያረጀች ኦስቲን ሰቨን አፍርሶ ለእሽቅድምድም የምትሆን መኪና ከሠራባት በኋላ፣ በ1952 ሎተስ የተባለውን ኩባንያ ሲያቋቁም የሥራ ቦታው በሰሜን ለንደን ከአባቱ ሆቴል ጀርባ የነበረ የፈረስ ጋጣ ነበር። ከጋጣ የተነሣ ታሪክ ወደ ትሕትና ማምራቱ አይቀርም ብሎ የሚጠብቅ አንባቢ ቢኖር፣ የዋጋውን ዝርዝር እስኪያይ ድረስ ይታገሥ። ትምህርቱ አጭር ነው፤ ሞተርን ከማጐልበት ይልቅ ሸክምን መቀነስ ይሻላል፣ ጕልበት የተጨመረለት መኪና ቀጥ ባለ መንገድ ላይ ብቻ ሲጠቀም ክብደት የተቀነሰለት ግን ሲነሣም፣ ሲዞርም፣ ፍሬን ሲያዝም ይጠቀማልና። ይህ የታወቀ የተፈጥሮ ሕግ ስለሆነ የሚከራከረው የለም። ነገሩ የተወሳሰበው ትምህርቱ ከመሐንዲሶች እጅ ወጥቶ ወደ ምእመናን በደረሰ ጊዜ ነው።

በ1957 የወጣችው ሎተስ ሰቨን አካሏ ከቀጫጭን የብረት ቱቦ ተበይዶ ስስ አሉሚኒየም የለበሰ፣ ሞተሯ ከፎርድ የተወሰደ ባለ 1172 ሲሲ፣ ጕልበቷም 40 የፈረስ ጕልበት ነበር። በዚያን ዘመን በእንግሊዝ ተሠርቶ ያለቀ መኪና የሚገዛ ሰው የግዥ ግብር ሲከፍል፣ ተፈታታ በክፍልፋይ የምትሸጥ መኪና ግን ገና መኪና ስላልሆነች ከግብሩ ነጻ ነበረች፤ ስለዚህ ብሎኑንና ዳዶውን በሣጥን ተረክቦ በገዛ ጋራዡ የገጣጠማት ሰው ሙሉ ሆና ከምትሸጥበት ዋጋ ግማሽ ያህሉን ብቻ ይከፍል ነበር። ሕጉ ከክፍልፋዩ ጋር የመገጣጠሚያ መመሪያ እንዳይሰጥ ይከለክል ስለነበረ፣ እንደሚተረከው ቻፕማን መኪናዋን እንዴት መፈታታት እንደሚቻል የሚያስረዳ መመሪያ አዘጋጀ፤ ገዢውም ከመጨረሻው ገጽ ተነሥቶ ወደ መጀመሪያው እያነበበ ይሠራ ነበር። ፊደሉን ጠብቆ መንፈሱን ለማለፍ ከዚህ የላቀ ምሳሌ በትርጓሜ ቤት እንኳ መገኘቱ ያጠራጥራል።

ተመራማሪን ይበልጥ የሚያስደንቀው ግን ከዚያ ወዲህ የሆነው ነው። በ1973 የተጨማሪ እሴት ታክስ ታወጀና የክፍልፋዩ ነጻነት ቀረ፤ በዚያው ዓመት ሎተስ መኪናዋን የመሥራት መብት ካተርሃም ለተባለው ሻጭ አስተላለፈ። ምክንያቱ ሲወገድ ልማዱም ይወገዳል ተብሎ መገመቱ የተገባ ነበር። ነገር ግን ግብሩ ከተረሳ ግማሽ ምእት ዓመት ካለፈ በኋላ እንኳ ካተርሃም መኪናዋን በሣጥን እየሸጠ ነው፤ የተከበሩ የሕግ ጠበቆችና የጥርስ ሐኪሞችም ቅዳሜና እሑዳቸውን ጋራዥ ውስጥ ተንበርክከው፣ ካቻቢቴ በእጃቸው፣ ተራፊ ብሎን በፊታቸው አድርገው ያሳልፋሉ። ሠራተኛው ለፋብሪካው ገንዘብ እየከፈለ የሚሠራበት ሌላ ኢንዱስትሪ ፈልገን አላገኘንም።

የገዛትን መኪና ሠርቶ የጨረሰ ሰው ቀጥሎ የሚገጥመው ፈተና መግባት ነው። ሥርዓቱም እንዲህ ነው፦ በመጀመሪያ ጫማውን ይመረምራል፤ የነዳጁ፣ የፍሬኑና የፍሪሲዮኑ መርገጫዎች እጅግ ተጠጋግተው ስለተሠሩ ሶሉ የሰፋ ጫማ ሁለቱን ባንድ ጊዜ ሊረግጥ ይችላልና። መሪው የሚነቀል ከሆነ ይነቅለዋል። አንድ እግሩን መቀመጫው ላይ ያቆማል፣ ከኋላ ያለውን የብረት ቅስት ጨብጦ ሁለተኛውን ያስከትላል፣ ከዚያም እግሮቹን ወደ ጨለማው የሞተር ሥር እየሰደደ ቀስ ብሎ ቍልቍል ይንሸራተታል። ከተቀመጠ በኋላ ክርኑ ከመኪናው ውጭ ይቀራል፤ እጁን ቢዘረጋ አስፋልቱን በመዳፉ ይዳስሳል፤ በጎኑ የሚያልፈው የጭነት መኪና ቸርኬም ከዓይኑ ጋር ይተካከላል። የማርሚታው ቱቦ በመኪናዋ ጎን ስለሚሄድ፣ ሲወርድ ያልተጠነቀቀ ሰው ባቱን ተጠብሶ ወደ ቤቱ ይገባል፤ ሚስቱ ምን ሆነህ ነው ብላ ስትጠይቀውም ማብራሪያው ረጅም ነው።

ይህ ሁሉ የሚሆነው ደግሞ በእንግሊዝ ሰማይ ሥር ነው። በር የሌለው፣ ጣራው ቢፈለግ ብቻ የሚወጠር ሸራ የሆነ፣ በአንዳንዱ ዓይነት ጭራሹን የፊት መስታወት እንኳ ያልተሠራለት መኪና ፀሐይ ባልጐደለባት ጣልያን ወይም እስፓንያ ተፈልስፎ ቢሆን ኖሮ ለጥናት የሚያበቃ ነገር ባልኖረው ነበር። ሊቃውንት ይህን ሲመረምሩ የአየሩን ጠባይ እንደ እንቅፋት መቍጠራቸው ስሕተት ይመስለናል። መናኝ ወደ በረሓ የሚወርደው በረሓው ስለሚመች አይደለም፤ ተድላ ሥጋን የናቀ ሰውም ዝናብ ከሌለ ምን እንደናቀ ለማስረዳት ይቸገራል። ሆኖም ልዩነቱን አለመጠቆም አይገባም፤ መናኝ ንብረቱን ትቶ ይሄዳል፣ ይኸኛው ግን ንብረቱን ለሻጩ አስረክቦ ይሄዳል። የወጪውም ነገር በዚህ አያበቃም፤ በብርድ ተሸንፎ ከሥርዓቱ ጥቂት ዝቅ ማለት የፈለገ ሰው ማሞቂያውንና የፊት መስታወቱን እንደ ተጨማሪ ዕቃ በተለየ ዋጋ የሚገዛባቸው ዓይነቶች አሉና፣ ለመመነንም ለመመለስም ሒሳብ ይጠየቃል።

ስለ ሰቨን ማማለል ሲነገር ብዙ ቅኔ ተደርድሯል፤ እኛ የምናየው ምክንያት ግን ከዚያ የቀለለ ነው። በእንግሊዝ አውራ ጎዳና የፍጥነቱ ወሰን በሰዓት 112 ኪሎ ሜትር ሲሆን፣ ዘመናዊና ድሎት ያለው መኪና የያዘ ሰው በዚህ ፍጥነት ሲሄድ ያንቀላፋል። የሰቨን ባለቤት ግን በ60 ኪሎ ሜትር ነፍስ አውጪኝ ይላል፤ ነፋሱ ጉንጩን ይመታዋል፣ እያንዳንዱ ጠጠር በአከርካሪው በኩል ይነገረዋል፣ ሞተሩም በጉልበቱ አጠገብ ይጮኻል። ስለዚህ የፖሊስ ቅጣት ሳይከፍል ሙሉ ፍርሃት ያገኛል ማለት ነው። በዚህ በኩል ሲታይ ዋጋው ተመጣጣኝ ነው ብንል ከእውነት አልራቅንም።

ወደ ሒሳቡ ስንመጣ አንድ አሳሳቢ ነገር ይገጥመናል፤ እርሱም ሹፌሩ ነው። በ2021 የወጣችው ካተርሃም ሰቨን 170 ባለ 660 ሲሲ የሱዙኪ ሞተር፣ 84 የፈረስ ጕልበት፣ 440 ኪሎም ክብደት ያላት ስትሆን፣ ይህ ለአንድ ቶን 191 የፈረስ ጕልበት ይሆናል። እንግዲህ በንግዱ የተሳካለት፣ በምሳ ሰዓትም በራሱ ላይ የማይጨክን፣ 110 ኪሎ የሚመዝን አንድ ጌታ ገዛት እንበል። ገብቶ ሲቀመጥ ቍጥሩ ወደ 153 ይወርዳል፤ ይኸውም ገና ቍልፉን ሳያዞር፣ በመቀመጥ ብቻ፣ የገዛውን ችሎታ አንድ አምስተኛ አጠፋ ማለት ነው። የእርሱን ያህል የሚመዝን ወዳጁን አጠገቡ ቢያስቀምጥ 127 ይሆናል፤ በሁለቱ ሰዎች ምክንያት ሲሶው ሄደ። መሐንዲሶች ይህን ሳያስተውሉ አልቀሩም፤ በ2011 ቢኤሲ የተባለው የሊቨርፑል ኩባንያ ሞኖ የተባለችውን ባለ አንድ መቀመጫ መኪና አቅርቦ ወዳጁን በማስቀረት የጥያቄውን ግማሽ ፈትቶታል። የቀረው ሹፌሩ ብቻ ነው። ስለ ሹፌር አልባ መኪና የሚመራመሩት ድርጅቶች ይህን የክብደት ጥቅም በማስታወቂያቸው አለማንሣታቸው የሚገርም ነው።

ዋጋቸው ለምን ይወደዳል ለሚለው የኢኮኖሚ ሊቃውንት ቀጥተኛ መልስ አላቸው። ለመኪናው ቅርጽ ማውጫ፣ ለሙከራና ለፈቃድ የሚወጣው ገንዘብ መቶ ሺሕ መኪና ለሚሸጥ ፋብሪካ ኢምንት ሲሆን፣ መቶ ብቻ ለሚሸጥ ግን ሸክም ነው፤ የካርቦን ጨርቅ በእጅ ተደራርቦ በግፊት ምድጃ የሚበስል እንጂ በማተሚያ የሚረገጥ አይደለም፤ በሶመርሴት ግዛት በክሩከርን ከተማ በዓመት መቶ ያህል መኪና በሚሠራው ኤሪየል በተባለው ኩባንያ አተም የተባለችውን፣ በርም ጣራም አካልም የሌላትን የቱቦ ቀፎ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የሚገጣጥማት አንድ ሠራተኛ ሲሆን ስሙም በላይዋ ይለጠፋል። ይህ ሁሉ ልክ ነው፤ አሰልቺም ስለሆነ እናልፈዋለን። ጥቂት በመሠራታቸው የተነሣ የመጣውን ዋጋ ያስረዳል እንጂ፣ ከአንድ መኪና ላይ ዕቃ ሲነሣለት ስለሚጨመረው ዋጋ የሚለው የለምና።

ለዚህ ማስረጃ ወደ ጀርመን መሻገር ያስፈልጋል። ፖርሽ በ1972 ያወጣውን 911 ካሬራ አርኤስ 2.7 በሁለት መልክ አቀረበው። ሙሉ ዕቃ ያለው 1075 ኪሎ፣ የተራቈተው 960 ኪሎ ይመዝን ነበር። ከተራቈተው ላይ የኋላ መቀመጫው፣ ምንጣፉና ሰዓቱ ተነሥተዋል፤ በሩን ከውስጥ ለመክፈት እጀታ የለም፣ በምትኩ የሚሳብ ጥብጣብ ተደርጎለታል። ይህ የማንሣት አገልግሎት 700 ማርክ ያስከፍል ነበር። በዚያን ጊዜ ሙሉው ዕቃ ከዚህ በላይ ያስከፍል እንደነበረ ማስታወስ ተገቢ ነው፤ ገበያው ገና አላዋቂ ነበርና። ዛሬ ዘመኑ ሠልጥኖ፣ ሰብሳቢዎች ጥብጣብ ላለው በር እጀታ ካለው በር እጅግ የበለጠ ይከፍላሉ።

ትምህርቱ እየጠለቀ ሄዶ በፖርሽ 918 ስፓይደር ላይ ቋሚ ተመን ተወሰነለት። የዚህ መኪና ገዢ 84,000 የአሜሪካ ዶላር ሲጨምር 41 ኪሎ ያህል ይቀነስለት ስለነበረ፣ አንድ ኪሎ አለመኖር ከ2,000 ዶላር በላይ ያወጣል። መኪናው በድምሩ ከ1,600 ኪሎ በላይ ነበረ፤ ይህን ያነሣነው ለትዝብት ሳይሆን ለምሉእነት ነው። በዚህ ተመን መሠረት ዐቢይ ጾምን በአግባቡ ጾሞ አምስት ኪሎ የቀነሰ ሹፌር ለመኪናው 10,000 ዶላር የሚያወጣ ማሻሻያ በሽሮ አደረገለት ማለት ነው። ይሁን እንጂ ይህን መንገድ የመረጠ ገዢ መኖሩ አልተሰማም። የተገዛ ጕድለት እንጂ የተጾመ ጕድለት ለጎረቤት አይታይምና ይሆናል።

በመጨረሻ ደርባን ተወልዶ በእንግሊዝ የገነነውን የጎርደን መሪን ነገር ሳያነሡ ማለፍ አይቻልም። ይህ መሐንዲስ ቲ.50 የተባለችውን መኪና ከ1,000 ኪሎ በታች አድርጎ፣ መቶ ብቻ ሠርቶ፣ ከግብር በፊት በ2.36 ሚሊዮን ፓውንድ ሸጧታል፤ በኪሎ ሲታሰብ ከ2,300 ፓውንድ ያልፋል። ከዚያ አስቀድሞ የነደፈው፣ ከ1992 እስከ 1998 የተሠሩት 106 ብቻ የሆኑት ማክላረን ኤፍ 1፣ ሙቀት እንዲመልስለት የሞተሩ ክፍል 16 ግራም ያህል ወርቅ ተለብጦበታል። ወርቅ ከማዕድን ሁሉ ከከባዶቹ አንዱ መሆኑን ለመሐንዲሱ ማስታወስ ድፍረት ስለሚሆን እንተወዋለን።

እንግሊዛዊው ተዋናይ ሮዋን አትኪንሰን፣ በአገራችን ሚስተር ቢን ተብሎ የሚታወቀው፣ ከእነዚህ ኤፍ 1 መኪኖች አንዱን ገዝቶ ከ65,000 ኪሎ ሜትር በላይ ነዳው፣ ሁለት ጊዜም አጋጨው፣ በ2015ም በ8 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ ሸጠው። በ2021 ደግሞ በካሊፎርኒያ በፔብል ቢች በተደረገው ጨረታ በ1995 የተሠራ ሌላ ኤፍ 1 በ20 ሚሊዮን 465 ሺሕ ዶላር ተሸጠ። ክብደቱ፣ ሞተሩና ወርቁ ያው ነው፤ የዓመታቱና የገበያው መለያየት እንደተጠበቀ ሆኖ፣ ለሁለተኛው ዋጋ ዋና ምክንያት የሆነው በእርሱ ላይ አንድ ተጨማሪ ነገር መጕደሉ ነበር፤ ይኸውም ጕዞ። በ26 ዓመት ዕድሜው የሄደው 390 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ሲሆን፣ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ቢሆን ኖሮ ደሴ ሳይገባ ይቀር ነበር።