ሥዕል ለማየት ስንት ጊጋ ያስፈልጋል?

ኧረ አሁንስ መረረን! ሥዕል ለማየት ወጥተን ስልክ ስንጎረጉር ውለን የምንገባው እስከ መቼ ነው? ድሮ ኤግዚቢሽን የሚሄድ ሰው ዓይኑን ይዞ ከተገኘ ይበቃው ነበር። ዛሬ ሙሉ ቻርጅ፣ የዳታ ፓኬጅ፣ ያልሞላ ስቶሬጅና ገና ከካርቶኑ የወጣ ስልክ ይጠየቃል።

ግድግዳው ላይ ኪውአር ኮድ ተለጥፏል። ስካን ሲያደርጉት ሥዕሉ ሳይሆን «አፑን ያውርዱ» የሚል ይመጣል። ማውረዱ ግማሽ ላይ ደርሶ ቀጥ ይላል። እንደምንም ወርዶ ሲያልቅ ኢሜይል ያስገቡ፣ የይለፍ ቃል ያውጡ፣ ካሜራ ይፍቀዱ፣ ያሉበትን ቦታ ይፍቀዱ። (ያለሁበትን ምን ያደርግለታል? ፊቱ ተገትሬያለሁ!) ይኼ ሁሉ ካለፈ በኋላ አስጎብኚዋ ጠጋ ትልና በትሕትና፣ «ጋሼ፣ በእርስዎ ስልክ ላይ አይሠራም» ትላለች።

የሠራለትም አላለፈለትም። በስልክ ስናይ ምስል ከቦታው ላይ የሚደርብልን ኦግመንትድ ሪያሊቲ (ኤአር) ምስሉን ቦታው ላይ ለማቆም በካሜራው በኩል ጎላ ያሉ ነጥቦችንና ጠርዞችን ይፈልጋል። የጋለሪ ግድግዳ ደግሞ ነጭ ነው፤ የሚይዘው ነገር የለውም። መብራቱ ደብዘዝ ካለማ ጭራሽ አለቀለት። «ስልክዎን ቀስ አድርገው ያንቀሳቅሱ» ይላል፤ ክፍሉ ሙሉ ሰው ጽና እንደያዘ ቄስ ስልኩን ወዲያ ወዲህ ያወዛውዛል። ትወጣለች የተባለችው ወፍ በመጨረሻ ብቅ ስትል ግማሽ አካሏ ወለሉ ውስጥ ነው።

«ኢንተራክቲቭ» የሚባለው ክፍል ሌላ ጣጣ አለው። እጅዎን ያንሱ ይባላሉ፣ ያነሳሉ፤ ሴንሰሩ ግን ከኋላዎ ሴልፊ የሚነሳውን ሰውዬ መርጧል።

በስልክ የማሳየቱ ሐሳብማ መጥፎ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2010 አርቲስቶቹ ማርክ ስክዋሬክና ሳንደር ቬንሆፍ ኒውዮርክ በሚገኘው ሞማ ሙዚየም ውስጥ፣ ሙዚየሙን ሳያስፈቅዱ፣ በስልክ ብቻ የሚታይ ኤግዚቢሽን ከፍተው ነበር። እንዲህ ያለ ተንኮል ደስ ይላል። ማን ይግባ፣ ማን ይቅር የሚለውን ዘበኛ አለፉት። አሁን ግን ዘበኛው ራሱ ስልኩ ሆኖ አረፈው።

ሠዓሊዎቹስ ቢሆኑ? የእነሱ ከእኛም ይብሳል። ጉግል ታንጎ የተባለውን የኤአር ሥርዓቱን እ.ኤ.አ. በ2018 ዘጋው። ሜታ ደግሞ ስፓርክ የተባለውን የኤአር ኢፌክት መሥሪያውን በ2019 ለኢንስታግራም ፈጣሪዎች ሁሉ ክፍት አድርጎ ስንቱን ካስለመደ በኋላ ጃንዋሪ 14 ቀን 2025 አጠፋው፤ የውጭ ሰዎች የሠሯቸው ኢፌክቶችም አብረው ወረዱ። ማስጠንቀቂያው የመጣው በኦገስት 2024 ነው፤ አምስት ወር እንኳ አልሞላም። የጎንደር ደብረ ብርሃን ሥላሴ ጣሪያ ላይ ያሉት መላእክት እስከ ዛሬ አፕዴት አድርጉን አላሉም።

እባካችሁ አዘጋጆች፣ ዋይፋይ አስገቡልን። በር ላይ የምታውሱን ሁለት ሦስት ስልክ አስቀምጡ። አፕ ሳይወርድ በብሮውዘር የሚከፈት ማድረግ ይቻላልና እሱን ምረጡ። ሥራውንም በቪዲዮ ቀድታችሁ ያዙ፤ ኩባንያው የዘጋ ዕለት እጃችሁ ላይ የሚቀረው እሱ ብቻ ነው።