ወንዝ የማያሻግር ፈቃድ

ፊላዴልፊያን ከኒው ጀርዚ የሚለያት የዴላዌር ወንዝ ነው። በላዩ የተዘረጉት ትልልቅ ድልድዮች አንድ የታወቀ ጠባይ አላቸው፤ ወደ ኒው ጀርዚ ሲሻገሩ ማንም ምንም አይጠይቅም፣ ገንዘብ የሚከፈለው ወደ ፔንሲልቬንያ ሲመለሱ ብቻ ነው። መግቢያው በነጻ ሆኖ መውጫው በክፍያ መሆኑ ለፊላዴልፊያ ሰዎች የቆየ መሣቂያ ነው። እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2013 ወንዙን በተሻገረች አንዲት የሁለት ልጆች እናት ላይ ግን መውጫው ከማንም በላይ ተወደደ። ሴትየዋ ሁለት ጊዜ ስለተዘረፈች ሽጉጥ ገዝታለች፤ ፔንሲልቬንያም ደብቃ እንድትታጠቅ ፈቃድ ሰጥታታለች። አትላንቲክ ካውንቲ ስትደርስ መስመር አላግባብ ቀይረሻል ተብላ በፖሊስ ቆመች። እሷም ሳትጠየቅ ሽጉጥ መያዟን ተናገረች፣ ፈቃዷንም አሳየች። ሁለቱም ፈቃዶች፣ የመንጃውም የመታጠቂያውም፣ የፔንሲልቬንያ ናቸው። ኒው ጀርዚ የመጀመሪያውን አክብራ ተቀበለች፤ ሁለተኛው በዚያው ቅጽበት የክስ ማስረጃ ሆነ። ሴትየዋ ከአንድ ወር በላይ ታስራ ቆየች። ክሱ ቢጸናባት የሚጠብቃት ቢያንስ ሦስት ዓመት ተኩል፣ ያውም ያለ አመክሮ ነበር።

የዚህች ሴት ጉዞ አሜሪካ ውስጥ ስለ መሣሪያ ክርክር በተነሣ ቁጥር ይጠቀሳል። አንደኛው ወገን «አንድ አገር ከሆንን አንድ ፈቃድ ይበቃናል» ይላል። ሌላው «የሰው ቤት ስትሄድ የቤቱን ሥርዓት ጠይቅ» ብሎ ይመልሳል። ሁለቱም ግማሽ መንገድ ሄደው የቆሙ ይመስለኛል። ግዛቶቹ በሕግ መለያየታቸው በራሱ ጥፋት አይደለም፤ ለመለያየት በቂ ምክንያት አላቸው። ጥፋቱ ኬላ በሌለበት ድንበር ላይ ይህን ያህል ልዩነት አስቀምጦ፣ የተሳሳተውን መንገደኛ ለሽፍታ በተሰፋ ቅጣት መለካቱ ነው።

ለመለያየት ምክንያት አላቸው ያልኩበትን ላስረዳ። የመታጠቅ ፈቃድ ማለት ሲፈቱት የዋስትና ደብዳቤ ነው። ሰጪው «ይህን ሰው መዝገቡን አይቼዋለሁ፣ ቢታጠቅ አያሠጋም» ብሎ ይፈርማል። የዋሱ ፊርማ በሰፈሩ ይከበራል፤ ሌላ ሰፈር ሲደርስ ግን መጀመሪያ የሚጠየቀው «ዋሱ ራሱ ማነው?» የሚለው ነው። ፔንሲልቬንያ 20 ዶላር ታስከፍላለች፣ መዝገብ ታጣራለች፣ ለአምስት ዓመት የሚያገለግል ፈቃድ ትሰጣለች፤ አመልካቹ ሽጉጡ በየት በኩል እንደሚተኩስ ማወቁን ግን አትጠይቅም። ኒው ዮርክ ከ2022 ወዲህ 16 ሰዓት የክፍል ትምህርትና 2 ሰዓት የተኩስ ልምምድ ትጠይቃለች። ኢሊኖይና ሜሪላንድም 16 ሰዓት ይላሉ። ዛሬ 29 ግዛቶች ደግሞ ለመታጠቅ ጭራሽ ፈቃድ አያስፈልግም ባዮች ናቸው። ከሁሉም የምታስቀው ቨርሞንት ናት፤ ፈቃድ ጠይቃ ስለማታውቅ ፈቃድ ሰጥታም አታውቅም። በአገሩ ከማንም በላይ ነጻ የሆነው የቨርሞንት ሰው፣ የግዛቱን ድንበር ሲያልፍ የሚያሳየው ወረቀት የሌለው ባዶ እጁን ነው። ስለዚህ ለውጭ ሰው ፈቃድ ወደምትሰጥ፣ ለምሳሌ እንደ ዩታ ወዳለች ሩቅ ግዛት ያመለክታል። ከዚያ በኋላ ሦስተኛ ግዛት ሲገባ፣ ኖሮባት የማያውቃት ዩታ ዋስ ትሆነዋለች።

ይህን ያየ አንባቢ ኒው ጀርዚ የማንንም ፈቃድ አልቀበልም ማለቷ ግትርነት ብቻ እንዳልሆነ ይረዳልኛል ብዬ አስባለሁ። ፔንሲልቬንያ ራሷ እንኳ ሲደርስባት ያደረገችው ይህንኑ ነው። የፊላዴልፊያ ፖሊስ ፈቃድ የከለከላቸው ነዋሪዎች ለፍሎሪዳ በፖስታ እያመለከቱ፣ በፍሎሪዳ ፈቃድ በገዛ ከተማቸው ታጥቀው ይሄዱ ነበር። ከአንድ ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ የሚኖር ቢሮ፣ የፊላዴልፊያን ሰው ለፊላዴልፊያ ፖሊስ ዋስ ሆነለት ማለት ነው። በ2013 መጀመሪያ ላይ የፔንሲልቬንያ ጠቅላይ ዓቃቤ ሕግ ካትሊን ኬን ከፍሎሪዳ ጋር የነበረውን ፈቃድ የመቀባበል ስምምነት አሻሽለው በሩን ዘጉት። ያቺ እናት የተያዘችው በዚያው ዓመት ነው፤ ፔንሲልቬንያ የፍሎሪዳን ቃል ባላመነች በጥቂት ወራት ውስጥ ኒው ጀርዚ የፔንሲልቬንያን ቃል አላመነችም። ቨርጂኒያ ደግሞ ከዚህ የባሰ ትርኢት አሳይታለች። በዲሴምበር 2015 ጠቅላይ ዓቃቤ ሕጓ ማርክ ሄሪንግ የ25 ግዛቶች ፈቃድ ከእንግዲህ አይሠራም አሉ። በሚቀጥለው ወር አገረ ገዢው ከተቃዋሚዎቻቸው ጋር ተደራደሩ፣ ከ2016 አጋማሽ ጀምሮም ቨርጂኒያ የሁሉንም ተቀባይ ሆነች። በእነዚያ ጥቂት ወራት ውስጥ የመሣሪያም የሰውም ጠባይ አልተለወጠም፤ የተለወጠው የምክር ቤት ድርድር ነው።

«መንጃ ፈቃድስ በሁሉም ቦታ ይሠራ የለም ወይ?» የሚለው ሙግት ብዙ ጊዜ ይሰማል፣ ጆሮም ይገባል። ነገር ግን የመንጃ ፈቃድ በሁሉም ግዛት የተከበረው ግዛቶቹ በጊዜ ብዛት የሚጠይቁት ነገር ስለተቀራረበ ነው። ሳይፈተን መኪና የሚነዳ አዋቂ የሚፈቅድ ግዛት የለም፣ ቀይ መብራትም የትም ቦታ ቁም ማለት ነው። በሽጉጥ ላይ ይህ መቀራረብ የለም። የተወካዮች ምክር ቤት በዲሴምበር 2017 በ231 ለ198 ድምፅ ያሳለፈው፣ ፈቃዱን በመላው አገር እንዲሠራ የሚያደርገው ረቂቅ በሕግ መወሰኛው ምክር ቤት ውስጥ ቀርቷል፤ በ2025 እንደገና ቀርቧል። ረቂቁ ቢጸድቅ ልዩነቱ አይጠፋም፤ ከሁሉ ያነሰ የሚጠይቀው ግዛት የሁሉም ሕግ አውጪ ይሆናል። የኒው ዮርክ ሰው 18 ሰዓት ተምሮ ያገኘውን፣ ምንም ሳይማር የመጣ እንግዳ አጠገቡ ቆሞ እኩል ይታጠቃል። በዚህ ላይ ኒው ዮርኮች ቢቆጡ አልፈርድባቸውም።

እስከዚህ ድረስ የኒው ጀርዚ ጠበቃ መስያለሁ፤ አሁን ወደ ከሳሽነት ልዙር። «ሕግን አለማወቅ ከቅጣት አያድንም» የሚል መልስ አለ፤ እውነት ነው፣ ግን ሕጉ የሚታወቅ ዓይነት ሲሆን ነው። ሰሜን ካሮላይና ውስጥ ባለፈቃድ ታጣቂ ከፖሊስ ጋር ሲገናኝ ሽጉጥ መያዙን ወዲያው መናገር ግዴታው ነው፤ ያቺ እናት ያደረገችውም ይህንኑ ነው። በአንዱ ግዛት ግዴታን መወጣት የሆነው፣ ጥቂት ሰዓት ነድተው ሲደርሱ የእምነት ቃል ይሆናል። ለመንገደኛ ከለላ ይሰጣል የሚባለው የ1986ቱ የፌዴራል ሕግም የራሱ ቀልድ አለው። መሣሪያው ጥይቱ ወጥቶ ከእጅ በማይደረስበት ቦታ ከተቀመጠ፣ ከሚፈቅድ ግዛት ተነሥቶ ወደሚፈቅድ ግዛት የሚሄድ ሰው በከልካዩ መካከል ማለፍ ይችላል። ማለፍ ነው የተፈቀደው እንጂ መድረስ አይደለም፤ ዘመድ ለመጠየቅ ኒው ጀርዚ ላይ የሚያበቃ ጉዞ ከለላው አይሸፍነውም። የእኛ ሰው በብዛት የሚኖርበት የዋሽንግተን አካባቢ ይህን ነገር በየቀኑ ይነዳበታል። አሌክሳንድሪያን ከሜሪላንድ የሚያገናኘው የውድሮ ዊልሰን ድልድይ መሐሉ ላይ ለ300 ጫማ ያህል የዋሽንግተን ዲሲ ይዞታ ነው። በተለመደው ፍጥነት ለሚነዳ ታክሲ ይህ አምስት ሰከንድ አይፈጅም። የቨርጂኒያ ፈቃድ የያዘና ሽጉጡን የታጠቀ ሾፌር በአንድ ድልድይ ላይ ሦስት ሕግ ያቋርጣል፤ በመጀመሪያው ሕጋዊ ነው፣ በሁለተኛውና በሦስተኛው ተከሳሽ ነው። ተሳፋሪው በዚህ መሐል ስልኩን እንኳ ከኪሱ አላወጣም።

ቅጣቱ የከበደው ያለ ምክንያት አይደለም የሚለው ተቃውሞ ግን ሊናቅ አይገባም። ኒው ጀርዚ ውስጥ በወንጀል ከሚያዙት ሽጉጦች አብዛኞቹ ከሌላ ግዛት የገቡ ናቸው፤ ጥብቅ ሕግ ያላት ግዛት የጎረቤቶቿ ልቅነት ሲገባባት ዝም ብላ ማየት አትችልም። ታዲያ መሣሪያ አዘዋዋሪው ፖሊስ ሲያስቆመው ፈቃዱን አውጥቶ «ሽጉጥ ይዣለሁ» አይልም። ራሱን ያጋለጠውንና የደበቀውን በአንድ ልክ የሚቀጣ ሕግ ለቀጣዩ ሰው የሚያስተምረው ዝም ማለትን ነው፤ ይህ ደግሞ በሌሊት መስኮት ለሚያንኳኳው ፖሊስ የሚበጀው አይመስለኝም። ነገሩን ይበልጥ ያጋለጠው በዚያው ካውንቲ የተከሰተ ሌላ ጉዳይ ነው። አንድ ዝነኛ የአሜሪካ እግር ኳስ ተጫዋች በካሲኖ አሳንሰር ውስጥ እጮኛውን ደብድቦ ራሷን አስቷት፣ ከእስር ነጻ በሚያደርግ የመጀመሪያ ጥፋተኞች መርሐ ግብር ታለፈ። ማንንም ያልነካችው እናት ግን ይኸው መርሐ ግብር መጀመሪያ ላይ ተከልክላ ነበር።

ጩኸቱ ሲበረታ በሴፕቴምበር 2014 የኒው ጀርዚ ተጠባባቂ ጠቅላይ ዓቃቤ ሕግ ለዓቃብያነ ሕግ መመሪያ አወጡ፤ በመጣበት ግዛት ሕጋዊ የሆነ መንገደኛ በስሕተት ታጥቆ ሲገኝ እስር የተለመደው ውጤት መሆን የለበትም የሚል ነው። ሴትየዋ ወደ መርሐ ግብሩ ገባች። በኤፕሪል 2015 አገረ ገዢው ክሪስ ክሪስቲ ሙሉ ይቅርታ አደረጉላት። ክሪስቲ በጁን ወር ለፕሬዚዳንትነት እንደሚወዳደሩ ማስታወቃቸውን ልብ ይሏል፤ ሽጉጥ ወዳድ መራጮች ያሉባቸው ግዛቶች ይጠብቋቸው ነበርና ምሕረታቸው ጊዜውን የሳተ አልነበረም። ለእኔ ከይቅርታው ይልቅ መመሪያው ይበልጣል፤ ኒው ጀርዚ የማንንም ፈቃድ ሳትቀበል፣ ከመመዘኛዋም ሳትወርድ፣ ተሳስቶ የገባውን እንግዳ ከአዘዋዋሪ መለየት እንደምትችል ያሳየችበት ነውና። ነገር ግን መመሪያ ሕግ አይደለም፤ አንዱ ዓቃቤ ሕግ ይከተለዋል፣ ሌላው ይተረጉመዋል። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በጁን 2022 በኒው ዮርክ ጉዳይ ከቤት ውጭ መታጠቅ መብት ነው ካለ በኋላ ኒው ጀርዚ ለነዋሪዎቿ በሩን ሰፋ አድርጋለች። የውጭ ሰውም ቢሆን ማመልከት ይችላል፤ የሌላ ግዛት ፈቃድ ግን አሁንም አይሠራም። ይህን የሚናገር አንድ ትልቅ ሰሌዳ ከድልድዩ ማዶ ማቆም ለኒው ጀርዚ ከአንድ እስረኛ የአንድ ዓመት ቀለብ በታች እንደሚፈጃት ለመገመት ሒሳብ አዋቂ መሆን አያስፈልግም።