ቡሬ የነገሩኝ፣ ማንኩሳ የሰማሁት

ዛላ በርበሬ ልገዛ ከፍኖተ ሰላም ቡሬ ሄድኩ። ፍኖተ ሰላም በርበሬ ጠፍቶ ነው ወይ ትሉኝ ይሆናል። አልጠፋም፤ ባለቤቴ ግን የቡሬ ካልሆነ ድልህ አይወጣውም ባይ ናት።

ገበያው ውስጥ ሁለት ክምር ጎን ለጎን ተዘርግቷል። አንዱ ሲነኩት ይንኮሻኮሻል፤ ሌላው ለስለስ ያለ፣ የሚያብረቀርቅ። የሚያብረቀርቀውን አስመዘንኩ። ደረቁን የሚሸጡት ሽማግሌ ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው በሐዘኔታ አዩኝና «ልጄ፣ እናንተ ሰፈር ውሃ የለም እንዴ?» አሉኝ።

«ኧረ አለ አባባ! በፈረቃም ቢሆን ይመጣል» ብዬ መቼ እንደሚመጣ፣ መቼ እንደሚጠፋ ሳይቀር አስረዳኋቸው።

«እንግዲያማ ደግ አደረግህ፤ ለጠፋ ቀን ይሆንሃል።»

ዙሪያው በሳቅ አውካካ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ያልሳቀው ለእኔ የመዘነልኝ ሻጭ ብቻ ነበር።

ሚኒባሱ ጢም ብሎ ስለነበር ማዳበሪያውን ጭኔ ላይ ታቅፌ ተቀመጥኩ። ማንኩሳ ስንቃረብ ጭኔን ቀዘቀዘኝ፤ ቀጥሎ ይለበልበኝ ጀመር። አጠገቤ ያሉት እናት የረጠበ ሱሪዬን አይተው ቀስ ብለው ፊታቸውን ወደ መስኮቱ መለሱ። ለካስ በርበሬው ሚዛን እንዲደፋ ውሃ ተረጭቶበታል! የሽማግሌው ነገር የገባኝ ያኔ ነው።

ደግሞ ቦታው! በ1958 ዓ.ም. የታተመው የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» የሚጀምረው ከዚህችው ማንኩሳ ነው። እዚያ መጽሐፍ ውስጥ ጉዱ ካሳ እብድ ተብሎ፣ ጤነኞቹ የማይደፍሩትን እውነት ይናገራል። ሽማግሌውም ፊት ለፊት «ውሃ አለበት» ቢሉ ከጎረቤታቸው ጋር መጣላታቸው ነው፤ እኔም ገበያ ሊነጥቁ ነው ብዬ አላምናቸውም ነበር። በሳቅ ጠቅልለው ሰጡኝ። በቅኔ የታወቀው የዋሸራ አገር ሰው ናቸዋ! የቅኔ ተማሪ ብቻውን ቅኔ ሲቆጥር ይውልና ማታ ለመምህሩ ይነግራል፤ ሁለት ቤት ብቻ ያላት ጉባኤ ቃና እንኳ ቀን ሙሉ ታውላለች። የቅኔውን ወርቅ ቆፍሮ ያወጣ ሰው አይረሳውም። «ለብልህ አይነግሩም፣ ለአንበሳ አይመትሩም» ይባል የለ? ሽማግሌው እንደ ብልህ ቆጥረውኛል፤ ይህን ክብር እስከ ዛሬ እወደዋለሁ።

በሌላ የገበያ ቀን ፈልጌ አገኘኋቸውና ጉዴን ሁሉ ዘረገፍኩላቸው። «አባባ፣ ምነው ያኔ ቢነግሩኝ?»

ደረቁን ዛላ ጆሮዬ ሥር እየነቀነቁ «እኔማ ቡሬ ላይ ነግሬህ ነበር፤ አንተ ማንኩሳ ደርሰህ ሰማኸኝ እንጂ» አሉኝ።