ይገጥማል!

ነቀምቴ ውስጥ ከጋራዥ ጋር አጥር ለአጥር የሚኖር ሰው ሬዲዮ አያስፈልገውም። ዜናው፣ ድራማው፣ አልፎ አልፎም የሐዘን እንጉርጉሮው ከቆርቆሮው ማዶ በነፃ ይመጣለታል። እኔም ዓመታት ሙሉ ስሰማ ኖሬ የደረስኩበት ነገር ቢኖር፣ በዚያ ግቢ በቀን መቶ ጊዜ የሚነገር አንድ ቃል መኖሩን ነው፦ «ይገጥማል!» የኮሮላው ለሃይሉክስ ይገጥማል። የሃይሉክሱ ለላንድክሩዘር ይገጥማል። አልገጥምም ብሎ ያስቸገረ ካለ ሞረድ አለ፣ መዶሻ አለ፤ ሁለቱም ካቃታቸው «ራኮ ሂን ቀቡ» አለ። ችግር የለውም ማለት ነው፤ ችግሩ ግን ያኔ ነው የሚጀምረው።

ሰሞኑን የመጣው በሽተኛ የጎረቤታችን የጡረተኛው መምህር ቤንዚን ፒካፕ ነው። ሳይረገጥ የሚዞርበት ሚኒሞው ከፍ ዝቅ፣ ከፍ ዝቅ ይላል፤ ቆሞ እያለ የሚያለቅስ ይመስላል። ሜካኒኩ ኮፈኑን ከፍቶ ጆሮውን ደገነና «ስሮትል ቦዲው ነው» አለ። እዚህ ላይ እንደ እኔ ላለው ላስረዳ። በእንዲህ ዓይነቱ መኪና ነዳጅ ስትረግጡ የምትከፍቱት ነዳጅ ሳይሆን አየር ነው። ሞተሩ አፍ ላይ አንዲት ክብ ቆርቆሮ በዘንግ ተወግታ ተቀምጣለች፤ ስትረግጡ ትከፈታለች፣ ስትለቁ ትዘጋለች፤ የገባውን አየር እያየ ነዳጁን የሚመጥነው ኮምፒውተሩ ነው። መምህሩ ይህን ሲሰሙ «ሠላሳ ዓመት ነዳጅ ስሰጥ የኖርኩት አየር ነው?» ብለው አዘኑ። ሜካኒኩም «መምህር፣ እኛም ትምህርት ቤት እያለን እንደዚያ ይመስለን ነበር» አላቸው።

አዲስ አበባ፣ መርካቶ፣ ሶማሌ ተራ ተደወለ። ሶማሌ ተራ ማለት ማታ የተሰረቀባችሁን ስፖኪዮ ጠዋት በገዛ ገንዘባችሁ የምትገዙበት ነው እየተባለ የሚቀለድበት የመለዋወጫ አገር ነው። ባለሱቁ «የስንት ሞዴል ነው?» ሲል መምህሩ ደረታቸውን ነፍተው «የሰማንያ አንድ!» አሉ። እርሳቸው የሚያወሩት በእኛ አቆጣጠር ነው፤ ባለሱቁ የሰማው በፈረንጅ ነው። በመሃል ሰባት ስምንት ዓመት አለ፤ በእነዚያ ዓመታት ውስጥ ደግሞ ቶዮታ ፒካፖቹን ከካርቡራተር ወደ ኢንጀክሽን እያሻገረ ነበር። ዕቃው በአውቶቡስ ሾፌር እጅ፣ በፌስታል ተጠቅልሎ፣ 330 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ደረሰ፤ ተፈታ፤ ካርቡራተር ነው። የአሥራ ሦስት ወር ጸጋችን ለቱሪስት እንጂ ለመለዋወጫ እንዳልተሠራ ያን ቀን ገባኝ።

ሁለተኛው ፌስታል ሲመጣ ስሮትል ቦዲ ሆኖ መጣ፤ ግን ከባለ ስድስት ሲሊንደሩ ሦስት ሺህ ሲሲ ሞተር ላይ የወለቀ ነው፤ የመምህሩ ደግሞ ባለ አራት ነው። አፉ ሰፊ ነው። «ቢሰፋ ምን አለበት? ብዙ አየር ይጠጣል!» አለ ሜካኒኩ። ቡሎን ተሞከረ፤ ከአራቱ ቀዳዳ ሁለቱ ገጠሙ። ሁላችንም ወደ መምህሩ ዞርን። መነጽራቸውን ከፍ አድርገው አዩና «ሃምሳ በመቶ ማለፊያ ነው» ብለው ፈረዱ።

መቼም መኪና ኮፈኑን ሲከፍት የሚሰበሰበው ሰው ለቅሶ ቤትም አይገኝም። የባጃጅ ሾፌሩ አለ፣ ከወፍጮ ቤት የሚመለሰው አለ፣ እኔም ጀበናዬን ጥጄ አለሁ። ከሁሉ ድምፁ የጎላው ግን ከጊምቢ ቡና ጭኖ የመጣ የአይሱዙ ኤፍ ኤስ አር ሾፌር ነበር። የዲዴሳን ቁልቁለትና ዳገት እየማለበት፣ የኤን ፒ አሩን ስሮትል ለኤፍ ኤስ አር እንዴት እንደገጠመ፣ ጉልበቱም እንዴት እንደጨመረ አንድ ሰዓት አስተማረን። በመጨረሻ ከቴክኒክና ሙያ የተመረቀው ለማጅ ልጅ በዝግታ «ጋሼ፣ የድሮ ናፍጣ አይሱዙ እኮ በአብዛኛው ይቺ የአየር በር የለችውም፤ ነዳጁን የሚመጥነው ፖምፓው ነው» አለ። ሾፌሩ ለአፍታ ዝም አለና «እሱማ የለውም! ቢኖረው ነው የምልህ» አለ።

ይኸው ልጅ ካሊፐር ነበረው። «መጀመሪያ አፉን በሚሊሜትር እንለካ፤ የቡሎኑን ርቀት እንይ፤ የሴንሰሩ ሶኬት አንድ ይሁን አይሁን፣ ካቦው በየት በኩል እንደሚስብ እንይ» እያለ ይዞር ነበር። ትክክል እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን፤ የሚያናድደውም እሱ ነው። ካሊፐሩን ተቀብለው የሚሪንዳ ጠርሙስ ከፈቱበት፤ የሞተሩን አፍ በአውራ ጣት ለኩት። መጋጠሚያው ላይ የሚገባው ጓርኒሲዮን ከብስኩት ካርቶን በመቀስ ተቆረጠ፤ ሌሎቹ ሁለት ቡሎኖችም በመዶሻ ተመክረው ገቡ።

ልብ በሉ፣ ሥራው ሁሉ በስንት ቋንቋ እንደሚሠራ። ጣሊያን አምስት ዓመት ቆይቶ ሲሄድ ፍሪሲዮኑን፣ ካምቢዮውን፣ ባሌስትራውንና ሞተሪኖውን አፋችን ላይ ጥሎብን ሄዷል። እናም ጃፓን የሠራውን መኪና በጣሊያንኛ እንፈታለን፣ በአማርኛ እንሰድባለን፣ አልነሳ ሲል በኦሮምኛ እናባብላለን።

ወንዶቹን ብቻ የማማ እንዳይመስላችሁ። የእኔ ጄሪካን ክዳኑ ከጠፋ ሦስት ዓመቱ ነው፤ የበቆሎ ቆረቆንዳ ይገጥመዋል። የእህቴን መነጽር አድርጌ የመብራት ቢል አነባለሁ፤ ይገጥመኛል፤ ቁጥሩ ትንሽ ይወፍራል እንጂ። ከተማችንስ ብትሆን? ጊምቢና አካባቢው ያፈራው ቡና የዓለም ገበያ ላይ የሚወጣው «ለቀምት» ተብሎ፣ በነቀምቴ የድሮ ስም ነው። ለቅመው ያደረቁት እነሱ፣ ስሙ የእኛ። ማንም ሞረድ አላነሳም፤ ገጠመ።

ደግሞስ አይፈረድብንም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አሮጌ መኪናን ከአዲስ አስወደደው፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠራ አውቶሞቢል አገር እንዳይገባ ተከለከለ። ስለዚህ ያለው አሮጌ እስከ ልጅ ልጅ ሊኖር ነው፤ ለመኖር ደግሞ ከሞተ ጎረቤቱ አካል መውሰድ አለበት።

አማርኛችን «ገጠመ» ለሚለው ቃል ሦስት ሥራ ሰጥቶታል። ዕቃ ይገጥማል፤ ባለቅኔ ይገጥማል፤ ችግርም ሰውን ይገጥማል። ሦስቱ አንድ ላይ ሲመጡ ያየሁት ያን ዕለት ነው። መምህሩ አስነሱ፤ ሞተሩ አገሳ፤ ሁሉም አጨበጨበ። ማርሽ አስገብተው ረገጥ አደረጉና እግራቸውን አነሱ። ቆርቆሮዋ ግን አልተመለሰችም፤ ጠርዟ የብስኩት ካርቶኑ ላይ ተነክሶ እንደተከፈተች ቀረች። ፒካፑ የጋራዡን አጥር ይዞ ወደ ግቢዬ ገባና የማዕድ ቤቴን ጭቃ ግድግዳ ተደግፎ ጠፋ። ሰው አልተነካም፤ ጀበናዬም ተርፏል። መምህሩ ከአቧራው ውስጥ ወጥተው ዞር ብለው አዩና፣ የአማርኛ አስተማሪ አይደሉ? «ግጥሙስ ቤት መታ!» አሉ።

በማግስቱ ያ ልጅ ማንም ሳይጠራው የወለቀውን ኦሪጅናል ስሮትል አነሳ። ውስጡ ጥላሸት ጠጥቶ ጠቁሯል። በቤንዚንና በጥርስ ብሩሽ አጠበው፣ ጓርኒሲዮኑን ቀይሮ መለሰው። ሚኒሞው ተረጋጋ። ከጅምሩም የሚገጥመው የራሱ ነበር፤ የጎደለው መታጠብ ብቻ ነው።

ሜካኒኩ ደግሞ ለፈረሰው ግድግዳዬ አፍሮ በር ይዞ መጣ፤ የአሮጌ ሚኒባስ ተንሸራታች በር። «አዴ፣ ለጊዜው ነው» አለኝ። ልቆጣ አፌን ከፈትኩ፤ በሩን ከላይ እስከ ታች አየሁት፤ ቀዳዳውንም አየሁት። የወጣኝ ቃል ግን «ከታች ትንሽ ሞረድ ብታደርገው ይገጥማል» የሚል ሆነ።

ይኸው ገጥሟል። ቡና ሲፈላ ጎረቤቶቼ በሩን ወደ ጎን ስበው አንገታቸውን ያስገቡና «ሞልቷል?» ይሉኛል። እኔም «ጠጋ ጠጋ በሉ፤ አንድ ሰው!» እላለሁ።