ቆንጠር አድርጊበት

አርባ ምንጭ፣ ሴቻ ሠፈር ውስጥ ድዱ የደማ ሰው ሕክምና አያጣም። አንዷ ነጭ ሽንኩርት በጨው ወቅጠህ ያዝበት ትላለች፤ ሌላዋ ቅርንፉድ ታቀብላለች፤ ጋሼ ደግሞ በአረቄ ተጉመጥመጥ ይላሉ፣ ይተፋ ይዋጥ ሳይናገሩ። መጨረሻ ላይ ካምናው ጉንፋን የተረፈ ካፕሱል ከመሳቢያ ይወጣል። (ጉንፋኑም ያኔ ካፕሱል አያስፈልገውም ነበር።) አሞክሳሲሊን ይሁን ቴትራሳይክሊን የሚጠይቅ የለም፤ ተፈልቅቆ ዱቄቱ ድድ ላይ ይነሰነሳል።

በቅርቡ አንድ የተማረ ልጅ፣ ተመራማሪዎች የዕፅዋት ጭማቂን ከአንቲባዮቲክ ጋር አጣምረው የድድ ባክቴሪያ ላይ እንደሚሞክሩ ቢያወራ፣ ሠፈሩ በአንድ ድምፅ “እኛ መቼ አጣነው!” አለ።

ሙከራውስ እውነት ነው። ላቦራቶሪ ውስጥ ግን 96 ጥቃቅን ጉድጓዶች ያሉት ሳህን ይቀርባል። ጭማቂው በአንዱ አቅጣጫ፣ መድኃኒቱ በሌላው፣ መጠናቸው በየጉድጓዱ በግማሽ እየቀነሰ ይቀዳል፤ ፖርፊሮሞናስ ጂንጂቫሊስ የተባለው አየር ጠል ባክቴሪያ ይጨመርበታል። ከዚያ ስሌቱ ይመጣል፦ ውጤቱ 0.5ና ከዚያ በታች ከሆነ ሁለቱ ተጋግዘዋል፤ ከ4 ካለፈ ተጣልተዋል። እኛ ዘንድ ስሌቱ “ቆንጠር አድርጊበት” ነው፤ ሊጣሉ ይችላሉ ብሎ የሚጠረጥርም የለም።

ይጣላሉ እኮ! ቴትራሳይክሊን ካልሲየም ሲያገኝ ይጣበቅበትና ወደ ደም የሚገባው ይቀንሳል። እኛ ግን ካፕሱሉን ስንውጠው፣ ሆድ እንዳይጎዳ ብለን በወተት እናወራርደዋለን። ምሳውም ኩርኩፋ ከሆነ ካልሲየም የሞላው የሀለኮ (የሽፈራው) ቅጠል አለበት። ዕፁና አንቲባዮቲኩ በርግጥ አብረዋል፤ ያበሩት በሽተኛው ላይ ነው እንጂ።

ባክቴሪያውም ቢሆን እጁን ዘርግቶ ካፕሱል አይጠብቅም። ጥርስ ላይ በሠራው ዝልግልግ ሽፋን ውስጥ ስለሚኖር መድኃኒት በቀላሉ አይደርስበትም። ሽፋኑን ሳይደነድን መፋቂያ ያነሣዋል፤ የዓለም ጤና ድርጅት በ1987 እ.ኤ.አ. መፋቂያ በሚገኝበት አገር ሰዉ እንዲጠቀምበት ያበረታታው ያለ ነገር አይደለም። ድንጋይ ከሆነ ግን ባለሙያ በመሣሪያ ይፍቀዋል። ሐኪም ለጠናበት በሽተኛ አሞክሳሲሊንና ሜትሮኒዳዞል አጣምሮ ሲያዝ እንኳ ከማስፋቁ ጋር ነው፤ በማስፋቁ ፈንታ አይደለም።

ጎረቤቴ እትዬ በስንት ልመና ወደ ታችኛው ከተማ፣ ሲቀላ ወርደው ጥርሳቸውን አስፋቁ። ተቀይመው ተመለሱ፦ “ሲፍቀኝ ውሎ ገንዘቤን ተቀበለ፤ አንዲት ፍሬ ካፕሱል እንኳ ሳይሰጠኝ!” በንዴት ያንኑ ነጭ ሽንኩርት ወቀጡ። ድዳቸው ከቀናት በኋላ መድማቱን ሲያቆም፣ ምስጋናው ለሽንኩርቱ ሆነ፤ ቡና ላይ ለሦስት ሰው አዘውታል።