የእህቴ ልጅ ላሽ

ሮብ ገበያ በገበያ ቀን ምክር የሚጠፋበት ቦታ አይደለም። የእህቴን ልጅ ይዤ ወደ ቢቸና ለመሳፈር ስጣደፍ ነፋስ ኮፍያውን ገለጠበት፤ ከጆሮው ከፍ ብላ ሳንቲም የምታህል ልሙጥ ክብ ታየች። እህል የሚሸምቱ እናት ቁናቸውን አስቀምጠው፣ «ልጄን፣ ላሽ በላው! በነጭ ሽንኩርት እሹለት እንጂ» አሉ። አንዱ በምላጭ በጣ በጣ ይደረግ አለ። ጠጉር ቆራጩማ «ማሽኔን አላስነካም፣ ይጋባል» ብሎ ልጁ ፊት ተናገረ። ሽንኩርቱ ቆዳ ያቃጥላል፤ የተዋዋሱት ምላጭ ኤችአይቪና የጉበት ቫይረስ ሊያመጣ ይችላል። ከሁሉ የከፋብኝ ግን የጠጉር ቆራጩ ቃል ነው። ልጁ መኪና ውስጥ፣ «አጎቴ፣ ከእማዬ ጋር መተኛት ልተው?» አለኝ።

መኪናው መንገድ ላይ ተበላሽቶ ስንደርስ መሽቶ ነበር። በማግስቱ አንድ ክሊኒክ «ቆረቆር ነው» ብሎ የፈንገስ ክኒን ሰጠን። ክኒኑን ጨረሰ፤ አንዷ ክብ ሁለት ሆነች። ቆረቆር እኮ ይቀረፈፋል፣ ያሳክካል፣ በማበጠሪያና በማሽን ከልጅ ወደ ልጅ ይሄዳል። የእሱ ግን እንደ ሕፃን ጉንጭ የለሰለሰ ነው።

ነገሩን የፈታችልን ደብረ ማርቆስ ያገኘናት የቆዳ ሐኪም ናት፤ ላሽ ነው አለችን። በሽታ የሚከላከሉት ነጭ የደም ሕዋሳት የገዛ ጠጉሩን ሥር እንደ ባዕድ ቆጥረው ያጠቁታል። ጠጉሩ ይረግፋል፣ ሥሩ ግን አይሞትም፤ ጥቂት ክብ ብቻ ላለባቸው ብዙዎች በዓመት ውስጥ ያለ መድኃኒትም ይበቅልላቸዋል። ከ100 ሰው 2 ያህሉን በዕድሜው አንድ ጊዜ ያገኘዋል፤ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ተጋላጭነቱ በዘር ይወረሳል፤ ቀስቃሹ ብዙ ጊዜ አይታወቅም። ከዘመድ ለምጽ ወይም የእንቅርት እጢ ሕመም ያለበት እንዳለ ጠየቀችን፤ አብረው ስለሚሄዱ ነው። ለካ የወንድማችን ለምጽ ከዚህ ጋር ዝምድና ኖሮታል! እህቴ «ራሱን በደንብ ሳላጥበው ነው» እያለች ስታለቅስ ከርማለች። ንጽሕና፣ ዓይን፣ የእናት ስንፍና፦ አንዱም የለበትም።

ጠጉራቸው በብዛት ለረገፈ አዋቂዎች ባሪሲቲኒብ የተባለ ክኒን በ2022 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ተፈቅዷል። ለእኛ ልጅ የሚቀባ ስቴሮይድ ታዘዘለት። ቅንድቡ ከሳሳ ወይም ጥፍሩ ላይ ጥቃቅን ጉድጓዶች ካየን እንመለሳለን። ትምህርት ቤት ግን ይሄዳል፤ ኮፍያውን ከፈለገ ያድርግ፣ ካልፈለገ ይተወው። ከእናቱም ጋር ይተኛል።