ክሊራንስ ለዘላለም ይኑር

ዶርማችን ውስጥ ስለ ስልክ አስተያየት የሌለው ሰው የለም። ሃንድአውት የሌለው አለ፤ ፍራሽ የሌለው አለ፤ አስተያየት የሌለው ግን የለም። አይፎን የያዘው ቴክኖ ለያዘው ያዝንለታል፤ መብራት ጠፍቶ ሲያድር ደግሞ ባለ ቴክኖው በተራው ለባለ አይፎኑ ያዝናል። ዩዝድ ስልክ ሊገዛ የወጣ ልጅ፣ የገዛ ሆዱ ከጠዋት ጀምሮ በአንድ ሻይ እየሠራ፣ ሻጩን “ባትሪ ሄልዙ ስንት ነው?” ብሎ እንደ ሐኪም ይመረምራል። “87” ሲባል ፊቱ ይጠቁራል። አፕል እ.ኤ.አ. በ2020 ቻርጀሩን ከአይፎን ካርቶን ያወጣው አካባቢን ለመጠበቅ ነው ቢባልም፣ እኛ ግን ቻርጀር መዋዋስን ያስተማረን የካምፓስ ወዳጅ አድርገን ነው የምናየው።

እኔም አስተያየት አለኝ። “200 ሜጋፒክሰል ካሜራ ለተማሪ ቅንጦት ነው” የሚሉ ሰዎች ሬጅስትራር ደርሰው አያውቁም። በሩ ላይ የተለጠፈው ማስታወቂያ የፎቶ ኮፒ ፎቶ ኮፒ ስለሆነ፣ ፊደሉ ግማሹ ወረቀቱ ላይ፣ ግማሹ እግዜር ዘንድ ነው ያለው። ያንን ለማንበብ ከጋላክሲ ኤስ23 አልትራ ያነሰ ካሜራ አይበቃም። በስንት ማጉላት ያነበብነው ግን “ነገ ኑ” የሚል ነበር።

ወደ ቁም ነገሩ ልግባ። አሜሪካ፣ ቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1987 ጀምሮ የሚካሄድ ዕቃ የማሰስ ውድድር አለ። ዳኞቹ 300 ገደማ ነገር የተዘረዘረበት ወረቀት ያድላሉ፤ ቡድኖቹ ለአራት ቀን እንቅልፍ አጥተው የተባለውን ፈልገው ያመጣሉ፣ ካጡትም ይሠሩታል። እ.ኤ.አ. በ1999 ዝርዝሩ ላይ የኑክሌር ማብላያ ተጽፎ ሁለት ተማሪዎች ከየቦታው በለቃቀሙት ዕቃ ትንሽ ማብላያ ሠርተው አቀረቡ። ጎበዞች ናቸው፣ አልክድም። ግን ኑክሌር ቀላል ነው። ኑክሌር ስብሰባ አይገባም።

የእኛ ውድድር ክሊራንስ ይባላል፤ ከግቢው ስንወጣ የማንም ዕቃ እንደሌለብን በየክፍሉ የምናስፈርምበት ነው። ዝርዝሩ አንድ ገጽ ናት፦ ቤተ መጻሕፍት፣ ዶርም፣ ካፌ፣ ላቦራቶሪ፣ ስፖርት፣ ዲፓርትመንት። ከእያንዳንዱ ትይዩ ባዶ ሳጥን አለ፤ ሳጥኑ ውስጥ ፊርማ፣ ፊርማው ላይ ማኅተም ያርፋል። የሚፈርመው ሰው ማኅተም የለውም። ማኅተሙ የተቀመጠበት መሳቢያ ቁልፉ ሌላ ሰው ጋ ነው። ሌላው ሰው ለቅሶ ሄዷል። ጥሩ ጨዋታ ማለት ይህ ነው፤ ቺካጎዎች ዳኛ ቀጥረው ያጡትን ደስታ እኛ ያለ አንድ ሳንቲም በጀት አግኝተነዋል።

የስፖርት ክፍሉን ለምሳሌ ውሰዱ። ኳስ ነክቼ የማላውቅ ሰው ኳስ እንደሌለብኝ ላስመሰክር ሄድኩ። ዕቃ ግምጃ ቤቱን የሚጠብቁት ሰውዬ ጣታቸውን በምራቅ እያራሱ መዝገቡን ከዳር እስከ ዳር ገለጡ።

“ስምህ የለም።”

“አዎ ጋሼ፣ ምንም አልወሰድኩም።”

“ካልወሰድክ ታዲያ ለምን መጣህ?”

“እንዳልወሰድኩ እንዲፈርሙልኝ።”

“ስምህ ሳይኖር ምኑ ላይ ልፈርም? የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ልጄ፣ ከሰዓት ና።”

ከሰዓት ሰውዬው የሉም። ወጣ ብለዋል። የዚያን ቀን የገባኝ ነገር ቢኖር አንድ ኳስ ወስዶ መመለስ ምን ያህል አርቆ አስተዋይነት እንደሆነ ነው፤ ለፍሬሽ ተማሪዎች በሙሉ ልብ እመክራለሁ።

ቴክኖሎጂ ለዚህ ጨዋታ አላገዘም ማለት ግን ውለታ መብላት ነው። የቴሌግራም ግሩፓችን ላይ “የላይብረሪዋ ሴትዮ ላውንጅ ታይታለች፣ ማኪያቶ አዛለች፣ ፍጠኑ” የሚል መልእክት ሲለቀቅ ሠላሳ ልጅ በአንዴ ከዶርም ይወጣል። ይህን መልእክት በሰከንድ ያደረሰ ፎር ጂ ይባረክ። ሴትየዋ ማኪያቶውን ትተው በጓሮ በር መውጣት ከጀመሩ ወዲህ ደግሞ ጨዋታው ይበልጥ ጣፍጧል።

ደግሞ አገሩ ኋላ ቀር ነው ብላችሁ እንዳትሳሳቱ። “ዲጂታል ኢትዮጵያ 2025” የሚባለው ስትራቴጂ ከወጣ ቆይቷል። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመውጫ ፈተና የምንፈተነው ኮምፒውተር ላይ ነው፤ የዓመታት ድካማችን ምን ፍሬ እንዳፈራ ስልካችን ላይ ይነገረናል። ፋይዳ የሚባለው ዲጂታል መታወቂያ የአሥር ጣቴን አሻራና የዓይኔን ብሌን መዝግቦ ይዟል። እኔ እኔ መሆኔ በዓይኔ ብሌን ይታወቃል፤ ኳስ አለመውሰዴ ግን እስካሁን አልተረጋገጠም።

ስለ አይፎን ፕሮሰሰር እስከ ንጋት የሚከራከረው ዶርማችን ስለ ክሊራንስ አንድ መስመር ማመልከቻ ጽፎ አያውቅም። ደግ አደረገ። ማመልከቻ ለማስገባትም መጀመሪያ የሚቀበል ሰው መፈለግ ነበረብን።

ዘንድሮ “ክሊራንስ ኦንላይን ሊሆን ነው” የሚል ወሬ ተነዝቶ ልቤ ደንግጦ ነበር። እነዚያን ኮሪደሮች፣ ያንን ሩጫ፣ ያንን “አሁን እዚህ ነበሩ” የሚል ዜማ በአንድ ሊንክ ልንነጠቅ ነው ብዬ አዘንኩ። ሊንኩ ተለቀቀ፤ ሞላነው፤ “በተሳካ ሁኔታ ተልኳል” አለን። ደግነቱ መመሪያው ተከትሎ መጣ፦ የተሞላው ፎርም በሦስት ኮፒ ፕሪንት ተደርጎ በየክፍሉ ይፈረማል፣ ማኅተም ይመታበታል፣ ከዚያም ስካን ተደርጎ ሃርድ ኮፒው ለሬጅስትራር ገቢ ይሆናል። ስካነሩ ያለው ስፖርት ክፍል ነው።